የድሮ ሬንጅ ሮቨር ምን ዓይነት ቤንዚን ይፈልጋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሰሞኑን በነዳጅ ላይ በዝተዋል። ጠያቂዎቹ ደህና ዘመን ያሳለፉ ትልልቅ መኪኖች የያዙ ሰዎች ናቸው። የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ እ.ኤ.አ. የ1991 ሬንጅ ሮቨር አለኝ፤ 3.9 ቪ8 ነው። ከተማ ውስጥ ሰላም ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚነቀነቅ ያለ ድምፅ ያሰማል። መካኒኬ «ቤንዚኑ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ መካኒክዎ የነገረዎት ግማሹን ነው። ያ ድምፅ የሚመጣው ከካንዴላው የተነሳው እሳት ሳይደርስበት፣ ቤንዚኑ በሙቀትና በግፊት ብቻ በራሱ ሲቀጣጠል ነው። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ቤንዚኑ ይህን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይነግረናል።

ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ሞተሩ ዝቅ ባለ ኦክቴንም ይሠራል። ድልድዩ ጋ ሲወርዱ ግን ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል። ከዚያ ቤተሰብና ዕቃ ጭነው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ ሞተርዎ በመንገዱ ሁሉ ከፍተኛውን ኦክቴን የሚጠይቀው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኑን ይክፈቱ። የዘይት መለኪያው ዘንግ አጠገብ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገው ያንብቡ። ከሞተር ቁጥሩ ጋር የሞተሩ የመጭመቂያ ልክ (አየርና ቤንዚኑን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ) ተጽፏል። 9.35 ካለ ባለ 95 ኦክቴን ቤንዚን ታስቦ የተሠራ ነው። 8.13 ካለ ዝቅ ላለ ቤንዚን የተሠራ ነው፤ እሱ ካንኳኳ ቤንዚኑን ከመውቀስዎ በፊት ራዲያተሩን፣ ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመውን ካርቦንና ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) ያስፈትሹ።

የእኛ ማደያዎች «ይኼኛው 91፣ ያኛው 95» ብለው አያስመርጡም። ያለው አንድ ቤንዚን ነው። እንግዲህ መኪናውን ከቤንዚኑ ጋር ማስማማት የእኛ ሥራ ይሆናል። የእርስዎ ሞተር ማንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር የለውም፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይመጥናል እንጂ ታይሚንግ አይነካም። ጥሩ መካኒክ ታይሚንጉን ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ኋላ ቢመልስልዎ ትንሽ ጉልበት ያጣሉ፣ ፒስቶንዎን ግን ያተርፋሉ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ካምቢዮው ከባድ ማርሽ ይዞ እንዲያቃስት አይፍቀዱለት። ከዲ አውርደው በ3 ወይም በ2 ይውጡ፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ማንኳኳቱ ይቀንሳል። አሁንም ካልተወ ቆመው ያብርዱት። የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀት አይወድም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከአሜሪካ የመጣው ላንድክሩዘር 100 መጽሐፉ ላይ 87 ይላል። ከዱባይ የመጣው የጓደኛዬ ደግሞ 91 ይላል። ሞተሩ ያው 4.7 ነው። የኔ ደካማ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። አሜሪካኖች የሁለት መለኪያዎችን አማካይ ይጽፋሉ፤ አብዛኛው ዓለም ከፍተኛውን ብቻ ይጽፋል። የእነሱ 87 በሌላው ዓለም 91 ገደማ ነው። ልትጠነቀቅ የሚገባህ በተቃራኒው ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና 91 ካለ፣ በሌላው አቆጣጠር ወደ 95 ወይም 96 እየጠየቀ ነው። ያንተ ሞተር ግን ሴንሰር አለው፤ ሲያንኳኳ ታይሚንጉን ራሱ ይመልሳል። ተረጋጋ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ማደያ ላይ ሰልፉ ሲያሰለቸኝ በሃይላንድ የሚሸጠውን እቀዳለሁ። መኪናዬን ይጎዳዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ችግሩ ዋጋው ብቻ አይደለም። ሃይላንዱ ውስጥ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፤ የነጭ ጋዝ ኦክቴን ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ትንሹም ቢሆን ቤንዚኑን ያወርደዋል። ከመቅዳትሽ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጊ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ቅባት የመሰለ ክብ ምልክት ከቀረ መልሺለት። ይህ ምርመራ ውሃና ቆሻሻን አይነግርሽም፤ ስለዚህ የነዳጅ ፊልትሮውንም ቶሎ ቶሎ አስቀይሪ። ረጅም መንገድ ካለሽ ከዋዜማው ተሰልፈሽ ማደያ ቅጂ። በሃይላንድ ቤንዚን የዓባይን ዳገት መውጣትን ፈጽሞ አልመክርም። ለድሮ ሞተር ምንነቱ ካልታወቀ «ምርጥ» ቤንዚን ይልቅ ንጹሕ መደበኛ ቤንዚን ይሻላል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ኦክቴን ይጨምራል የሚባል ጠርሙስ ገዛሁ። «5 ነጥብ» ይላል። 91ን 96 ያደርገዋል?

መልስ፦ አያደርገውም። በብዙዎቹ ጠርሙሶች 10 ነጥብ ማለት አንድ ኦክቴን ነው። የጨመርከው ግማሽ ነው። ገንዘብህን ለካንዴላና ለራዲያተር አውለው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ አባቴ የተወልኝ የድሮ ላንድሮቨር አለ፤ 2.25 ቤንዚን። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ቫልቩ ይበላል ይሉኛል። የሬንጅ ሮቨሩም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳሱን የተወው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021። ለጤናችን ትልቅ ነገር ነው፤ ይመለስ የሚል የለም። የሬንጅ ሮቨሩ ቪ8 አሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ስለተገጠመለት ብዙ አያሳስብም። ያንተ ቴስታታ ግን ብረት ነው፤ በከባድ ጭነትና በረጅም ዳገት የጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫ ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል። የቫልቭ ክፍተቱን በየጊዜው አስለካ። እየጠበበ ከመጣ ምልክቱ ያ ነው። ቴስታታው በሌላ ምክንያት በወረደ ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ አስገጥምለት፤ ለዚያ ብቻ ብለህ ግን አሁን አታስወርደው።