ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ቶሎ የሚጠፋ ሬሲቨር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአሜሪካ የመጣልህ ባለ 7 ቻናል ሬሲቨር (የዲሹ ሳይሆን የሆም ቲያትሩ) ጀርባው ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ይላል፤ የገዛሃቸው ትልልቅ የቁም ስፒከሮች ደግሞ 4 ኦም ናቸው (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቃወምበት መጠን ነው፤ ሲያንስ ብዙ ከረንት ይስባል)። ድምፁ ዝቅ ሲል ሰላም ነው፤ ፊልሙ ሲጋጋል ወይም ከበሮ ያለበት መዝሙር ከፍ ስታደርግ «ቀጭ» ብሎ ይጠፋል። ሬሲቨሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ ስፒከሮቹን ልሽጣቸው ነው ያልከው። እኔ ሁለቱም አይመስለኝም። ያ «ቀጭ» የሚለው የመከላከያው ሪሌይ (በራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፤ ሬሲቨሩ ራሱን እያዳነ ነው። ግን ደጋግመህ አትፈትነው።

ችግሩ ዋቱ ላይ ሳይሆን ከረንቱ ላይ ነው። ቮሊዩም ስትጨምር ሬሲቨሩ ለስፒከሩ የሚጨምርለት ቮልቴጅ ነው። 28 ቮልት ቢሰጠው ባለ 8 ኦሙ 3.5 አምፔር ይስባል፤ ይህ ወደ 100 ዋት ነው። በዚያው ቮሊዩም ባለ 4 ኦሙ 7 አምፔር ይጠይቃል። የሬሲቨሩ ትራንስፎርመርና ትራንዚስተሮች ደግሞ የተሰሩት ለመጀመሪያው ነው። በዚያ ላይ 4 ኦም የሚባለው ስፒከር በሁሉም ድምፅ 4 አይደለም፤ በአንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ 3.2 ድረስ ቢወርድም «4 ኦም» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ካርቶኑ ላይ ያለው «7 ጊዜ 100 ዋት» አያታልልህ፤ ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተለካው ሁለት ቻናል ብቻ እየሰራ፣ በ8 ኦም ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ለእህቴ ምርቃት ጊቢው ውስጥም ይሰማ ብዬ ባለ 6 ኦም ስፒከሮቼን በሬሲቨሬ ጀርባ ካሉት ሁለት የስፒከር መውጫዎች «ኤ» ላይ፣ የተዋስኳቸውን ባለ 4 ኦም «ቢ» ላይ ሰክቼ ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈትኳቸው። 6 እና 4 በፓራለል (ጎን ለጎን ሲገናኙ) 2.4 ኦም ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ዘፈነ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣና የግራው ድምፅ ጠፋ። የወሰድኩበት ጥገና ቤት ትራንዚስተሮቹን ቀየረልኝ፤ ሳምንት አልቆየም፣ የገቡት ኦሪጅናል አልነበሩም። ስለዚህ አደራህን፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ባለበት ኤ እና ቢን አንድ ላይ አትክፈት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። መጀመሪያ ሬሲቨሩን ከሶኬት ንቀልና የስፒከር ሽቦዎቹን ጫፍ በእጅ ባትሪ እያየህ ፈትሽ። ከቀዩ ያፈነገጠች አንዲት የሽቦ ፀጉር ጥቁሩን ብትነካ እንኳ ሬሲቨሩ ልክ እንደዚህ ይጠፋል። ሽቦዎቹን ከፈታህ አይቀር የስፒከሩን ሁለት ጫፍ በቴስተር ለካው። 3.2 ወይም 3.4 አካባቢ ካነበበ ደህና ባለ 4 ኦም ነው። 1 ወይም ከዚያ በታች ካለህ ስፒከሩ ውስጥ ሾርት አለ፤ ከሬሲቨሩ ጋር ጭራሽ አታገናኘው።

ቀጥሎ የምጠረጥረው ማንም የማያየውን ነገር ነው፦ ከ220 ወደ 120 የምታወርድበትን ትራንስፎርመር። ስንት ዋት እንደሆነ አልጻፍክም። የጎረቤቴ ሬሲቨር እንዳንተው ሲጠፋበት ቴስተር ትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ ሰክተን መዝሙር ከፈትን። ዝም ሲል 118 ቮልት፣ ከበሮው ሲመታ 104። የሰውየው ትራንስፎርመር 500 ዋት የተጻፈበት ቀላል ነገር ነበር። 1500 ዋት ተጽፎበት በእጅ ሲነሳ በእርግጥ የሚከብድ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠፋበትም። ለ60 ኸርትዝ ብቻ የተሰራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርትዝ ትንሽ ይበልጥ እንደሚሞቅም አስብ። ሬሲቨሩን ቡፌ ውስጥ ከተህ ከሆነ አውጣው፤ ከላዩ አንድ ስንዝር ባዶ ይሁን፣ ዲኮደርም ዳንቴልም አይቀመጥበት።

ሽቦው ቀጭን ከሆነ ቀይረው። ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 10 ሜትር ብትዘረጋ ደርሶ መልሱ ግማሽ ኦም ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ለ4 ኦም ስፒከር ይህ ብዙ ነው። የመብራት ሰራተኞች ለሶኬት የሚጠቀሙበት ባለ 2.5 ንጹሕ መዳብ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ነጻ ነው። ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) አለኝ ብለሃል። ሬሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ግባና የፊት ስፒከሮቹን ከ«ላርጅ» ወደ «ስሞል» ቀይር፣ ክሮስኦቨሩን (ቤዙ ለሰብዉፈሩ የሚከፈልበትን ወሰን) 80 ኸርትዝ ላይ አድርገው። ሰው ትልቅ ስፒከር ገዝቶ «ስሞል» ማለት ይከብደዋል፤ እኔንም ከብዶኝ ነበር። ስለ ቁመታቸው ግን አይደለም። ብዙ ከረንት የሚበላው ወፍራሙ ቤዝ የራሱ አምፕሊፋየር ወዳለው ሰብዉፈር ይሄዳል፣ ሬሲቨሩም ይተነፍሳል።

አንዳንድ ሬሲቨር ላይ ያለችውን የስፒከር ኦም መምረጫ በተመለከተ፣ ያማሃን የመሳሰሉት ሜኑ ውስጥ ያስቀምጧታል። ወደ 6 ወይም 4 ብታወርዳት ሬሲቨሩ አዲስ ጉልበት አያገኝም፤ እንዳይሞቅ ተብሎ የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው የሚቀነሰው። ማኑዋሉ ለዝቅተኛ ኦም አውርዳት ይላል፣ ዋስትና ካለህ እሱን ተከተል። ችግሩ ድምፁ ሲያንስህ ቮሊዩም ትጨምራለህ፣ ያኔ ጣሪያውን ይነካና ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከሩን ክፍል) ያቃጥላል። ስለዚህ እኔ 8 ላይ ትቼ ክዳኑን በእጄ እየዳሰስኩ ነው የምጠቀመው። እጅህን አምስት ሰከንድ ማሳረፍ ካቃተህ ቀንሰው።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከጠፋ፣ ጀርባው ላይ «ፕሪ አውት» የሚል ቀዳዳ (ድምፁን ወደ ሌላ አምፕሊፋየር የሚያወጣ) እንዳለው እይ። ካለው ባለ ሁለት ቻናል ፓወር አምፕ ጨምርና የፊቶቹን ሁለት ስፒከሮች ለእሱ ስጠው፤ ሬሲቨሩ መሃሉንና የኋላዎቹን ብቻ ይነዳል። ስትገዛ በ8 እና በ4 ኦም የተጻፈውን ዋት አስተያይ። 8 ላይ 100፣ 4 ላይ 180 የሚል ከሆነ አቅም አለው፤ ስለ 4 ኦም ዝም ያለውን እለፈው። በቲፒኤ3255 ቺፕ የሚሰሩት ትንንሾቹ አምፖች 4 ኦምን አይፈሩም፣ ግን አብሮ የሚመጣውን ቻርጀር አንብብ። ሳጥኑ «300 ሲደመር 300 ዋት» እያለ ቻርጀሩ 32 ቮልት 5 አምፔር ከሆነ፣ ከቻርጀሩ የሚገባው ራሱ 160 ዋት ብቻ ነው። ለሳሎን እሱም ብዙ ነው፣ ዋጋው ግን በ160 ይሁን።

ስፒከሮቹን አትሽጣቸው። የትራንስፎርመርህን ዋትና የሬሲቨሩን ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ፣ ፕሪ አውት እንዳለው አብረን እናያለን።