ያረጀች የፋይበርግላስ ጀልባ ከየት ተጀምራ ትጠገን?

የደብረ ሲናው ወንድማችን ሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ ኬፕ ታውን ላይ መግዛትህን፣ 3,100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሴንት ሄለና ደሴት ልትጓዝባት ማሰብህን፣ ከዚያ በፊትም ገላዋን በሙሉ በሁለት ድርብ አዲስ ፋይበርግላስ ማልበስ ይበጅ እንደሆነ መጠየቅህን አንብቤአለሁ። እኔ ዛሬ ደብረ ብርሃን ብኖርም አሥራ አንድ ዓመት ጅቡቲ ውስጥ ጀልባ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ በበኩሌ አታልብሳት እላለሁ።

በዚያ ዘመን ሠሪዎቹ ፋይበርግላስን ገና በሙሉ ልብ ስላላመኑት ብዙዎቹን ጀልባዎች ወፍራም አድርገው ሠርተዋቸዋል። ባሕር ላይ ቀድሞ የሚከዳው ኃይል የሚያርፍበት መጋጠሚያ ነው እንጂ ገላው አይደለም። ጣርማበርን ሊወርድ የተነሣ ሾፌር ፍሬኑን ያያል እንጂ ቦዲውን አያስቀባም።

መጀመሪያ ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይዘህ የላይኛውን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳው። እናቶቻችን ጋን ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ስንጥቁን በድምፁ እንደሚለዩት ሁሉ፣ ደረቁ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥህ ውሃ የገባበት ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጥሃል። ወለሉ በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ሽፋን መካከል ቀላል የባልሳ እንጨት ያለበት ከሆነ፣ ውሃው በየቡሎኑ ቀዳዳ ሰርጎ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የበሰበሰውን ቆርጠህ አውጥተህ ከተካህ በኋላ እያንዳንዱን የቡሎን ቀዳዳ በትራፓኖ አስፋው፤ በወፈረ ኢፖክሲ (ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ሙላውና ሲደርቅ መሐሉን በልኩ ድጋሚ ብሳው። እንዲህ ሲሆን ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አትዝለለው።

ቀጥሎ የምሰሶውን የሽቦ ገመዶች ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዙትን የማይዝግ ብረት ማሰሪያዎች ነቅለህ እይ። «የማይዝግ» መባሉ አያታልልህ፤ እርጥበት ታምቆ አየር በማያገኝበት፣ ወለሉን በሚያልፍበት አንገቱ ላይ ይበላል። አንድ ጊዜ ከላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ማሰሪያ ስንነቅል አንገቱ ግማሽ በግማሽ ተበልቶ አግኝተነዋል። ገመዶቹም ዕድሜያቸው የማይታወቅ ከሆነ ይቀየሩ፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ካገለገሉ በቂ ነው።

የውስጥ ግድግዳዎቹ ከገላዋ የሚያያዙበት የፋይበርግላስ ጥብጣብ ከተላቀቀ አሮጌውን በግራይንደር አንሣ። ፖሊስተር የሚባለው ሌላው የፋይበርግላስ ሙጫ አዲሱ በደረቀ አሮጌ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ ኢፖክሲ ተጠቀም። የገላው ቁስል ከሆነ ደግሞ ዳሩን የውፍረቱን አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል አግድም ሞርደው፤ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ስድሳ ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ኢፖክሲው ሲደርቅ ፊቱ ላይ ሰም መሳይ ነገር ሊወጣ ስለሚችል በውሃ አጥበህ፣ በካርታቬትራ ፍቀህ ብቻ ቀጣዩን ደርብ።

ብርዱንም አትናቅ። ከጅቡቲ ከተመለስሁ በኋላ በኅዳር ውርጭ የአንድ ጎረቤቴን የፋይበርግላስ ታንከር ስጠግን፣ እዚያ በሙቀቱ እጄ ላይ ይደርቅብኝ የነበረው ኢፖክሲ እስከ ማግስቱ ቀትር እንደ ማር ሲሳብ አገኘሁት። በኬፕ ታውን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርድና ዝናብ ስለሆነ ሥራውን ለበጋቸው አቆየው።

ከውሃ በታች ያሉትን የቧንቧ መዝጊያዎች ቧጨር አድርገህ ሮዝ ቀለም ካየህ፣ ዚንኩ ከነሐሱ አልቆ ወጥቷልና ሁሉንም ቀይራቸው። የመሪዋን ዘንግና ከታች ያለውን ከባድ ሚዛን የያዙትን ቡሎኖችም ባለሙያ ይይልህ፤ ይህን በጽሑፍ ማስረዳት አይቻልም።

ወለሉን ስታንኳኳ ድምፁን በስልክህ ቀርጸህ ላክልኝ፤ የትኛው ቦታ መቆረጥ እንዳለበት አብረን እንለያለን።