መልስ፦ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የአስፋልት ዘይትን ያጠፋል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የጠየቅከው ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ፣ ታክሲዎች ከሚቆሙበት ጥግ የሚንጠባጠበውን የሞተር ዘይት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ናኖ (እጅግ የደቀቀ) ዱቄት ያጠፋዋል ወይ ብለህ ነው። ስስ ቅባት ከሆነ አዎ። የተጠራቀመ ከሆነ ግን አይችለውም።

ዱቄቱ ላይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍ ኤሌክትሮኖቹ ይነቃሉ። ከአየሩ ኦክስጅንና ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኙ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነሱ የዘይቱን የካርቦን ሰንሰለት እየቆራረጡ ቀስ በቀስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጡታል። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ነው።

ችግሩ ብርሃኑ ላይ ነው። የሚሠራው የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር በታች በሆነው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ ይህ ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጨረሩ ጠንካራ ነው፤ በጋ ላይ ያግዘናል። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ይቀንሰዋል። ጥቁርና ወፍራም ዘይት ደግሞ ብርሃኑን ከላይ ይጋርደዋል፣ ከሥር ያለው ዱቄት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። አቧራውም እንደዚያው። ፍሬን የሚበዛበት ቁልቁለት ላይ ጎማ መንገዱ ላይ የተቀባውን የዱቄቱን ቅብ ፍቆ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በትናችሁ ዘይቱን አስመጥጡት፣ ከዚያ ጠርጋችሁ አንሱት። በውሃ ወደ ቱቦ አትስደዱት፣ ወንዝ ነው የሚገባው። ቅቡን ለሚቀረው ስስ እድፍ፣ ያውም ጎማ ለማይበዛበት የእግረኛ ንጣፍ ብትሞክሩት ይሻላል። ደረቁን ዱቄት ግን በእጃችሁ እንዳትበትኑት፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው።