ከቡጢው በፊት በሩን እዪ

«ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የመዝገብ ክፍል ሲቪል ሠራተኛ ነኝ። ከአባላቱ ጋር ራስን የመከላከል ሥልጠና ትወስዳላችሁ ተብለናል። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ለሚያገላብጥ ሰው ምን ይረባል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

ይረባል፤ የሚረባሽ ግን እርግጫው አይደለም። አባላትን ለዓመታት ሳሠለጥን እንዳየሁት፣ አሠልጣኞች ለዓይን የሚያምረውን ማስተማር ይወዳሉ (እኔም ከቴኳንዶ የመጣሁ ነኝና ወገኖቼን ማማቴ ነው)። በጥቂት ቀን የተለመደ እርግጫ ልብ ሲደነግጥ ይጠፋል። የማይጠፋው አቀማመጥሽና ድምፅሽ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ የፖሊስ አሠልጣኝ ዴኒስ ቱለር፣ ስለት የያዘ ሰው ስድስት ሜትር ተኩል ያህሉን በአንድ ሰከንድ ተኩል ግድም እንደሚያቋርጥ ጽፎ ነበር። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ ለመተኮስም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። የእኛ መዝገብ ክፍል ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይህን ያህል መቼ ይሞላል! ጠረጴዛሽ ጥግ ተወሽቆ ባለጉዳዩ በአንቺና በበሩ መካከል የሚቆም ከሆነ፣ ሥልጠናውን ሳትጠብቂ አዙሪው። «ቬንትሌተሩ እዚያ ስለሆነ ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ የድሬ ሙቀት ያላሸነፈው የቢሮ አቀማመጥ የለም። ቬንትሌተሩን አንሺው።

መቀሱ፣ ከባዱ ስቴፕለር፣ የፈላ ሻይ የያዘው ፔርሙስ ከባለጉዳዩ እጅ ይራቁ። የመታወቂያሽ ማንጠልጠያ ሲጎተት የማይላቀቅ ከሆነ ከአንገትሽ አውርጂውና መታወቂያውን ደረትሽ ላይ ሰኪው።

ሰው ሲጮኽብሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ መዳፎችሽ ተከፍተው በደረትሽ ከፍታ ከፊትሽ ይሁኑ። «ይቀመጡ፣ እየሰማሁዎት ነው» ማለትን በኦሮምኛና በሶማልኛም አጥኚ። በገዛ ቋንቋው ያናገሩት ሰው ሲበርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የእጅሽን አንጓ ቢይዝሽ ወደ ኋላ አትጎትቺ፤ በጉልበት የሚበልጥሽ እዚያ ላይ ነው። ጭብጡ የሚላላው አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶቹ በሚገናኙበት በኩል ነው። የክንድሽን ቀጭን ጎን ወደዚያ አዙረሽ፣ ክርንሽን ወደ እርሱ አስጠግተሽ በአንዴ መንጭቂው። ሥልጠናው የሚጠቅምሽ ይህን ደጋግመሽ ለመሥራት ነው።

ካመለጥሽ በኋላ ወደ በሩ እንጂ ወደ ሰውየው አትመለሺ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የሚጠብቅሽ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀርና መከላከልሽ ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ከመጠን ማለፍን ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለብቻው ይዞታል።

አባላቱ ተጠርጣሪ ሲይዙ አግዢን ብለው ቢጠሩሽ ደግሞ ይህን አትርሺ፦ በካቴና ታስሮ በሆዱ የተኛ ሰው ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሊሞትም ይችላል። እንደታሰረ በጎኑ ይዙር ወይም ይቀመጥ፤ ጀርባው ላይ ማንም አይጫነው። አሠልጣኙ ይህን ካላነሳ፣ ቅር ቢለውም ጠይቂው።

የስፖርት ልብስ አምጡ ከተባላችሁ አምጡ፤ ቢያንስ አንዱ ክፍለ ጊዜ ግን በሥራ ልብሳችሁና በጫማችሁ፣ በገዛ ክፍላችሁ ውስጥ ይሁንልን በሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ካለ ልምምዱ ሳይጀመር ለአሠልጣኙ ይንገር።