የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከያንኪስ ተጫዋቾች ማን ይበልጣል?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አሜሪካው የቤዝቦል ቡድን፣ ስለ ኒውዮርክ ያንኪስ ናቸው። 27 ጊዜ የወርልድ ሲሪስን (የሁለቱ ሊጎች ሻምፒዮኖች የሚገናኙበትን ፍጻሜ) ዋንጫ ያነሳ ቡድን ታላላቆቹ ብዙ ስለሆኑ ክርክሩም ማብቂያ የለውም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እኔና ታላቅ ወንድሜ ስለ ቤብ ሩት አልተስማማንም። እሱ 714 ሆም ራኑንም (ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ አሳልፎ መምታቱን)፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ሆኖ ያሸነፋቸውን 94 ጨዋታዎችም ይቆጥርለታል። እኔ ግን መቆጠር ያለበት ለያንኪስ የሠራው ብቻ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ጥያቄው «የቤዝቦል ታላቁ ተጫዋች ማነው?» ቢሆን ኖሮ የወንድምዎ ሂሳብ ያስኬድ ነበር። የአንድ ቡድን ታላቅ ሲባል ግን የሚቆጠረው በዚያ ቡድን ማሊያ የተሠራው ነው። ከ714ቱ ሆም ራኖች 659ኙ የያንኪስ ናቸው። 49ኙን ቀደም ብሎ ለቦስተን ሬድ ሶክስ፣ 6ቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ በ1935 ለቦስተን ብሬቭስ መታ። በፒቸርነቱ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ ከ94ቱ ድሎች 89ኙ የሬድ ሶክስ ሲሆኑ ለያንኪስ የተረፉት 5 ብቻ ናቸው። በወርልድ ሲሪስ 29 ከ2/3 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በተከታታይ ነጥብ ሳይቆጠርበት የወረወረውም ቦስተን እያለ ነው።

ይህ ሁሉ ተቀንሶም ሩት ከዝርዝሩ አናት አይወርድም። በ100,000 ዶላር ተገዝቶ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1920፣ 54 ሆም ራን መታ። ሁለተኛ የሆነው ጆርጅ ሲስለር 19 ነበር የመታው። በ1927 ሩት 60 ሲመታ ደግሞ ያንኪስ በሚጫወቱበት በአሜሪካን ሊግ ከነበሩት ሌሎች ሰባት ቡድኖች አንዳቸውም ተጫዋቾቻቸው ሁሉ ተደምረው 60 አልሞሉም። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በቁጥር በልጠውታል፤ የዘመኑን ሰዎች በዚህን ያህል ርቀት ጥሎ የሄደ ግን አልተገኘም።

ይኸው ሕግ ለሌሎችም ይሥራ። አሌክስ ሮድሪገዝ 696 ሆም ራን ቢኖረውም የያንኪስ ድርሻው 351 ነው። ሬጂ ጃክሰን ከ563ቱ 144ቱን ብቻ ነው በአምስት ዓመት ቆይታው ለያንኪስ የመታው። በ1977 የወርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የመታቸው 3 ሆም ራኖች በክለቡ ታሪክ ትልቅ ቦታ አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ ምሽት ሰውን ከአሥሩ ምርጦች ተርታ አያስገባም።

ጥያቄ፦ ጆ ዲማጂዮ ወይስ ሚኪ ማንትል? የዲማጂዮ የምት አማካይ 0.325፣ የማንትል 0.298 ነው። ታዲያ ማንትል ይበልጣል የሚሉ ሰዎች ምን ይዘው ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የምት አማካይ ብቻውን አይፈታውም። የምት አማካይ «ዎክ»ን፣ ማለትም ፒቸሩ አራት መጥፎ ኳስ ወርውሮ መቺው በነፃ ወደ ቤዝ (ሯጩ ወደሚያርፍበት ነጥብ) የሚሄድበትን፣ ከነጭራሹ አይቆጥርም። ማንትል በዘመኑ 1,733 ጊዜ በዎክ ወጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሰውየው ስንት ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰ የሚለው ነው፤ በዚህ ማንትል 0.421፣ ዲማጂዮ 0.398 ናቸው።

አሠራሩን በማንትል የ1956 ውጤት እንየው። ዎክና መሰሎቹን ሳይጨምር 533 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 188 ሂት (ቤዝ ላይ ያደረሰው ምት) አገኘ፤ 188ን ለ533 ሲያካፍሉ የምት አማካዩ 0.353 ይመጣል። ቤዝ ላይ የመድረሱን መጠን ለማግኘት በ188ቱ ላይ 112 ዎክና ኳስ ሰውነቱን የመታባቸውን 2 ጊዜዎች ይደምሩ፤ 302 ይሆናል። ከታች ደግሞ 533፣ 112፣ 2 እና 4 መስዋዕት ፍላይ (መቺው ራሱ ወጥቶ ሌላ ሯጭ ነጥብ እንዲያስቆጥር ያደረገበት ከፍ ያለ ምት) ተደምረው 651 ይሆናሉ። 302 ሲካፈል ለ651፣ 0.464 ነው። ኃይሉን ለመለካት ሂቶቹን በቤዝ ይመንዝሯቸው፦ 109 ነጠላ በ1፣ 22 ድርብ በ2፣ 5 ትሪፕል በ3፣ 52 ሆም ራን በ4 ይባዛሉ፤ በድምሩ 376 ቤዝ። ለ533 ሲካፈል 0.705 ይመጣል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለኃይሉም ለ651 ያካፍላሉ። ዎክ በኃይሉ ስሌት ውስጥ ከላይም ከታችም አይገባም።

ሁለተኛው ዘመን ነው። ዲማጂዮ በጀመረበት በ1936 የአሜሪካን ሊግ መቺዎች አማካይ 0.289 ነበር። ማንትል ባበቃበት በ1968 ግን ፒቸሮች ሜዳውን ተቆጣጥረውት አማካዩ 0.230 ወርዷል። ያኔ ጉልበቱ ያለቀው ማንትል 0.237 መታ፤ ያንን ዓመት ባይጫወት ኖሮ የዕድሜ ልክ አማካዩ ከ0.300 በላይ ሆኖ ይቀር ነበር። የሚገርመው ያ «ውድቀት» እንኳ ከሊጉ አማካይ በላይ መሆኑ ነው።

ለዲማጂዮ የሚነሳውም ጥቂት አይደለም፤ የመጀመሪያው ስታዲየሙ ነው። የያንኪ ስታዲየም ግራ መሀል አጥር በእሱ ዘመን 457 ጫማ፣ 139 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ለቀኝ እጅ መቺ ኳስ የሚሞትበት ቦታ ነው። ከ361 ሆም ራኖቹ 148ቱን በሜዳው፣ 213ቱን ከሜዳው ውጭ መምታቱ የዚህ ውጤት ነው። በሁለቱም እጁ የሚመታው ማንትል ግን 266 በሜዳው፣ 270 በውጭ ነው። ከዚህ ሌላ ዲማጂዮ ከ1943 እስከ 1945 በውትድርና ሦስት የውድድር ዓመታት አምልጠውታል። በመከላከልም የተሻለ ነበር፤ ስትራይክ አውት የሆነውም (ኳሱን መምታት አቅቶት በሦስት ስትራይክ የወጣው) በዘመኑ ሁሉ 369 ጊዜ ብቻ ሲሆን ማንትል 1,710 ጊዜ ሆኗል። በ1941 በተከታታይ 56 ጨዋታ ሂት ማግኘቱን እስካሁን የደረሰበት የለም።

ሜዳንና ዘመንን አስተካክሎ፣ የሊጉን አማካይ 100 አድርጎ የሚለካው ኦ ፒ ኤስ ፕላስ የሚባለው መለኪያ ለማንትል 172፣ ለዲማጂዮ 155 ገደማ ይሰጣል። ጨዋታውም 2,401 ለ1,736 ነው። የእኛ ፍርድ ለማንትል ነው። የጦርነቱን ሦስት ዓመታት ለዲማጂዮ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ግን ክርክሩ ሳይጀመር ይናገር፤ መሀል ላይ ሲነሳ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ጥያቄ፦ ሩትና የቡድን ጓደኛው ሉ ገሪግ የተጫወቱት ጥቁር ተጫዋቾች በታገዱበት ዘመን ነው። ይህ ከደረጃቸው ሊቀንስ አይገባም?

መልስ፦ ሊታሰብ ይገባል። ጃኪ ሮቢንሰን እገዳውን የሰበረው በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሆን፣ ያንኪስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ኤልስተን ሃዋርድን ያሰለፉት ግን በ1955 ነው። ከዘመኑ ሰዎች ጋር ማወዳደር ስንል፣ ከታላላቆቹ ገሚሱ ከበር ውጭ የቆመበትን ዘመን ነው የምናወዳድረው። ሜጀር ሊግ በ2024 የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ፣ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 የዕድሜ ልክ የምት አማካይ ከሁሉም በላይ መቀመጡ ማን ታግዶ እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

በተግባር ግን ይህን እንዴት እንቁጠረው? ሩት ከሌሎቹ የራቀበት መጠን ይህ ተቀንሶም የሚሸፈን አይደለም። ሉ ገሪግም 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቶ በ0.340 አማካይና በ493 ሆም ራን ሁለተኛነቱን ይዞ ይቆያል። ከሩት ጥላ ሥር ነበር የሚሉትን፣ ሩት በሌለበት በ1936 49 ሆም ራን መትቶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች መባሉ ይመልስላቸዋል። ሚዛኑ በጥቂት በሚለያይበት ቦታ ግን ይህ ነጥብ ይወስናል፤ ማንትልን ከዲማጂዮ ስናስቀድም አንዱ ምክንያታችን ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ኢኒንግ ብቻ ይወረውር የነበረው ማሪያኖ ሪቬራ እንዴት ከዋይቲ ፎርድ ሊበልጥ ይችላል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ፎርድ 3,170 ኢኒንግ ሲወረውር ሪቬራ 1,283 ነው የወረወረው። የፎርድ 236 ድልም ቢሆን የሚገባውን ያህል አያሳይም፤ አሠልጣኙ ኬሲ ስቴንግል ለጠንካራ ቡድኖች ይቆጥበው ነበር። ተተኪው ራልፍ ሃውክ በ1961 በየአራት ቀኑ ሲያሰልፈው 25 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ።

የፍጻሜ ውድድሮቹ ግን ፍርዱን ይቀይሩታል፤ የሁለቱ ኢኒንግ እዚያ ይቀራረባልና። ፎርድ በወርልድ ሲሪስ 146 ኢኒንግ ወርውሮ በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ 2.71 ነጥብ ተቆጥሮበታል (በቡድኑ ስህተት የገባው ሳይጨመር)። ሪቬራ በድኅረ ውድድር (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባሉት ጨዋታዎች) 141 ኢኒንግ ወርውሮ በዚሁ አቆጣጠር 11 ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት፤ 11 በ9 ተባዝቶ ለ141 ሲካፈል 0.70 ነው። ሁለት ነገር አይርሱ፦ ፎርድ የገጠመው የሌላውን ሊግ ሻምፒዮን ብቻ ነበር፤ አንድን መቺም በአንድ ጨዋታ ሦስትና አራት ጊዜ ያገኘዋል፤ ሪቬራ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ። ለአንድ ሙሉ ጨዋታ ፎርድን እንመርጣለን፤ ለታላቅነት ዝርዝሩ ግን ሪቬራን። በ2019 የድምፅ ሰጪዎቹን 425 ድምፅ በሙሉ አግኝቶ ወደ ዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ሰው መሆኑም እንዲሁ የመጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዮጊ ቤራ በቁጥር ከነዲማጂዮ አይደርስም። ስሙ ሁልጊዜ ለምን ይነሳል?

መልስ፦ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ የፒቸሩን ኳስ የሚይዝ) ስለሆነ ነው። ካቸር ለእያንዳንዱ ኳስ ቁጢጥ ይላል፣ ለፒቸሩ የሚወረውረውን ኳስ ያዝዛል፣ ሰውነቱም በኳስ ይመታል፤ ጉልበቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሌሎች ይልቅ የሚያርፍበት ቀን ይበዛል። ስለዚህ 358 ሆም ራኑን ከመሀል ሜዳ ተጫዋች ጋር ሳይሆን ከሌሎች ካቸሮች ጋር ያወዳድሩት። በ1950 ከ597 ሙከራ ስትራይክ አውት የሆነው 12 ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተብሏል፤ በተጫዋችነት 10 ዋንጫ አንስቷል። ለእኛ ከያንኪስ ታላላቆች ሁሉ ከሚገባው በታች የሚታየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አሮን ጀጅን አሁኑኑ ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ በምርጥ ዓመታቱ ከተለካ አዎ፤ በ2022 62 ሆም ራን መትቶ የሮጀር ማሪስን የ1961 የአሜሪካን ሊግ ክብረ ወሰን ሰብሯል። በሙሉ ዘመን ከሆነ ደግሞ እስኪያበቃ ይጠበቅ።

ጥያቄ፦ 12 ጓደኛሞች ነን። ድምፅ እንስጥ ስንል በጭቅጭቅ ይፈርሳል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የምትመርጡት አሥር ታላላቆችን ይሁን ወይስ በየቦታው አንድ የሚሰለፍበትን ቡድን ለዩ፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ቡድን ከሆነ ማንትልና ዲማጂዮ ሁለቱም የመሀል ሜዳ ስለሆኑ መፍትሔው ማንትልን በ1951 ወደተሰለፈበት ቀኝ ሜዳ ወስዶ ሩትን ወደ ግራ ማዞር ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሩት ፀሐይ ዓይኑን እንዳትወጋው እንደየስታዲየሙ ቦታ እየቀያየረ ግራ ሜዳ ላይ ብዙ ተጫውቷል።

ከዚያ 15 ስሞች ላይ ተስማሙና ሁሉም ከነሱ አሥሩን በደረጃ ይጻፍ። ነጥቡን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች በሚመረጥበት መንገድ ስጡ፦ ለአንደኛ 14፣ ለሁለተኛ 9፣ ከዚያ 8፣ 7 እያለ ለአሥረኛ 1። አንደኛ የሚባለው ሰው እንዲለይ ነው ክፍተቱ የሰፋው። የሌላውን እጩ ለመጣል ሆን ብሎ ከወረቀቱ የሚያስቀር ስለማይጠፋ፣ እያንዳንዱ ወረቀት በባለቤቱ ስም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ነጥብ እኩል ከመጣ ብዙ አንደኛ ድምፅ ያገኘው ይቅደም። ያም እኩል ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ በ1979 ኪት ኸርናንዴዝና ዊሊ ስታርጀል በናሽናል ሊግ እኩል ነጥብ አግኝተው ሽልማቱን ተካፍለዋል።