ዌደር ይበቃኛል ወይ ላልከው፦ አይበቃህም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው የምትኖረው፣ ያገለገለ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትነዳ ጠባብ ጀልባ) ገዝተሃል፣ ሲዝኑ እንደተከፈተ ውቅያኖሱ ዳር ሃፍ ሙን ቤይ ወርደህ ሮክፊሽ የሚባለውን የቋጥኝ ዓሣ ልታጠምድ አስበሃል። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። ዌደር (ውሃ የማያስገባው፣ እስከ ደረት የሚደርሰው የአጥማጅ ሱሪ) አለኝ፣ ለቅዝቃዜው ይበቃኛል ወይ? የፕላስቲክ ማጥመጃውስ የትኛው ቀለም ይሻላል? የመለሱልህ ሰዎች ሁሉ ስለ ቀለም ነው የተከራከሩት። አንዱ እንዲያውም «ዌደር ከበቂ በላይ ነው፣ አታካብድ» ብሎሃል። ሰውዬውን አላውቀውም። ውሃ ውስጥ ወድቆ እንደማያውቅ ግን እወራረዳለሁ። እኔ ወድቄያለሁ። ከነዌደሬ።

በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ፈቃድ። ኦንላይን ትገዛዋለህ፣ አሁን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ 365 ቀን ይሠራል። ካያክ ጀልባ ነው። ይህን የምልህ «ሞተር ስለሌለው እንደ ጀልባ አይቆጠርም» የሚሉ የኛ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው። ዳር ላይ ቆመህ ከሆነ ሮክፊሽ ዓመቱን ሙሉ ይጠመዳል። ጀልባ ላይ ከሆንክ ግን ሲዝን አለው፤ በ2025 የተከፈተው ኤፕሪል 1 ነበር። አንድ ክር፣ ከሁለት ያልበለጠ መንጠቆ። በቀን በድምሩ 10 ዓሣ፣ ሊንግኮድ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ደግሞ ለብቻው 2፣ እሱም ከ22 ኢንች ካላነሰ። የሎአይ የሚባለው ብርቱካናማ ዓሣ ፈጽሞ አይነካም። የአንዳንዱ ዝርያ ቁጥር በየዓመቱ ስለሚቀያየር ጠዋት ከመውጣትህ በፊት የካሊፎርኒያን የዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እይ። ሃፍ ሙን ቤይ ካለው ከፒላር ፖይንት ወደብ ወጥተህ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን አትቅዘፍ፣ እዚያ ጥብቅ ቦታዎች አሉ፤ በዚያ ላይ ማቨሪክስ የሚባለው፣ ዓለም የሚያውቀው ማዕበል የሚነሳው በዚያው በኩል ነው። ወደ ደቡብ ውረድ። ስለ ፈቃድ ይሄ ይበቃል።

2. ልብስ። እዚህ ላይ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ሐይቁ ውስጥ ነው ያደግኩት። አሞራ ገደል ከአጥማጆቹ ጋር እየዋልኩ፣ ቆሮሶ ሲገፈፍ እያየሁ፣ አንዳንዴም ጀልባ እየገፋሁ። ዋና ማንም አላስተማረኝም፣ ዝም ብዬ ቻልኩ። ስለዚህ ካሊፎርኒያ መጥቼ ካያክ ስገዛ «ውሃ እኔን ያስፈራኛል?» የሚል ጉራ ነበረብኝ። የሐዋሳ ውሃ ግን ልብ በል፣ ቢበርድህም ትንሽ ተንቀጥቅጠህ ትለምደዋለህ። የዚህ ውቅያኖስ ነገር ሌላ ነው። በጸደይ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ንፋስ የላይኛውን ውሃ ወደ መሃል ይገፋውና ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ኤፕሪልና ሜይ ላይ ውሃው ብዙ ጊዜ ከዲሴምበር የባሰ የሚቀዘቅዘው። ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አየሩ ግን ፀሐይ ነው! ሰው በቲሸርት ይሄዳል! የሚሸውድህ እሱ ነው።

ዌደሩን የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሻጩን ጠየቅኩት። «ካያክ ላይ፣ ኤፕሪል፣ ውቅያኖስ» ብዬ አንድ በአንድ ነገርኩት። «ፐርፌክት ነው፣ እኔም የምጠቀመው ይሄንኑ ነው» አለኝ። 190 ዶላር። ድራይ ሱቱ፣ ከአንገት እስከ እግር ውሃ የማያስገባው ልብስ፣ እዚያው አጠገቡ ተሰቅሎ ነበር። ዋጋውን አየሁና ዞር አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሻጩ ላይ ብቻ አይፈረድም፣ እኔም መስማት የፈለግኩትን ነው የነገረኝ።

ባለፈው ዓመት ሲዝኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ባሕሩ ዘይት ነበር። ወደ 60 ጫማ ጥልቀት ላይ ሦስት ሰማያዊ ሮክፊሽና አንድ ቀይ አወጣሁ። ደስ ብሎኛል፣ ብቻዬን እዘፍናለሁ። ከዚያ ከበድ ያለ ነገር ያዘ። ሊንግኮድ። ወደ ላይ ሳመጣው መጀመሪያ ዝም ብሎ መጣ፣ ካያኩን ሲያይ ግን አበደ። መረቤን ከመቀመጫዬ ኋላ ነበር ያስቀመጥኩት። እንዳትደግማት፣ መረብ ከፊት ነው። በቀኝ እጄ ዘንጉን ይዤ በግራዬ ወደ ኋላ ስዘረጋ ከጎን አንድ ስዌል፣ ከሩቅ እየተንከባለለ የሚመጣ ማዕበል፣ መጣ። ትልቅ አይደለም። ትንሽ ነው። በቃ።

መጀመሪያ የሚሆነው ምን መሰለህ፣ ሳትፈልግ አየር ትስባለህ። ማንም «ትንፋሽህን ያዝ» ቢልህ አይቻልም፣ ደረትህ በራሱ ነው የሚስበው። አፍህ ውሃ ውስጥ ከሆነ የምትስበው ውሃ ነው። እኔን ያተረፈኝ ላይፍ ጃኬቱ ነው፣ ጭንቅላቴን ከላይ አቆየልኝ። እዚህ አገር 1-10-1 ይላሉ፦ ትንፋሽህን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅህና እግርህ የሚታዘዙህ 10 ደቂቃ፣ ራስህን ለመሳት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። አስሩ ደቂቃ ብዙ ይመስልሃል። አይደለም። እኔ ካያኩን ገልብጬ ወደ ቦታው ስመልሰው ጣቶቼ አልጨብጥ ብለውኝ ነበር።

ዌደሩስ? ሰው «ወደ ታች ይጎትትሃል» ይላል። አይጎትትም። ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ ክብደት የለውም፣ ተንሳፍፌ ነበር። ችግሩ ልትወጣ ስትል ነው። በሆዴ ካያኩ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ወገቤ ከውሃው ብቅ ሲል ሁለቱም እግሮቼ ውስጥ የገባው ውሃ አብሮኝ ልውጣ አለ። እግርህ ላይ ሁለት የሞሉ ጀሪካን አስረህ አጥር ዝለል ብትባል እንደዚያ ነው። አንዴ ሞከርኩ፣ ተንሸራተትኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ካያኩ ራሴ ላይ ተገለበጠ። መቅዘፊያዬ ገመድ አልነበረውም፣ እየራቀ ሲሄድ አየዋለሁ። ሬዲዮዬስ? ቪኤችኤፍ የሚባለው የባሕር ላይ መገናኛ ሬዲዮ አለኝኮ! ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ካያኩ ሆድ ውስጥ፣ ክዳኑ ተዘግቶ።

ያወጣኝ አንድ ፊሊፒኖ አባት ነው። 65 ዓመት ይሆነዋል። ከሩቅ መቅዘፊያዬ ሲንሳፈፍ አይቶ ነው የመጣው። ካያኬን ከካያኩ ጋር አጣብቆ ያዘልኝና «ወገብህ ላይ ያለውን ቀበቶ ፍታና እግርህን ምታ» አለኝ። ምንም አልጮኸም። ከዚያ እስከ ወደቡ ድረስ ጎተተኝ። ዘንጌ ከነሪሉ፣ የማጥመጃ ሳጥኔ፣ ስልኬ፣ ሊንግኮዱ፣ ሁሉም ሄዷል። ሮክፊሾቹ ግን ታስረው ስለነበር ተረፉ፣ ይገርማል።

3. ቁልፍ። ጉዱ እዚህ ነው። የመኪናዬ ቁልፍ ሪሞት ያለው ዓይነት ነው፣ ዌደሩ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከትቼው ነበር። ጨው ውሃ ጠጥቶ ሞቷል። በመስታወቱ በኩል ኋላ ወንበር ላይ ደረቅ ልብሴ ይታየኛል፣ ከላዩ ላይ እናቴ የላከችልኝ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ልደርስበት አልችልም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ መስታወቱን በድንጋይ ልለው ነበር። ሰውዬው ከለከለኝና ፒክአፑ ውስጥ አስገብቶ ማሞቂያ ለቀቀብኝ፣ የዝንጅብል ሻይ ሰጠኝ፣ በራሱ ስልክ ቁልፍ ሠሪ ጠራልኝ። 50 ደቂቃ ጠበቅን። ቁልፍ ሠሪው መጣ። የሞተውን ቁልፍ ተቀበለኝ፣ ጎኑን ጫን አደረገ፣ ከውስጡ ትንሽ የብረት ቁልፍ መዘዘ፣ በሩን ከፈተ። 140 ዶላር! እጄ ላይ የነበረውን ቁልፍ ነው የከፈተልኝ! አሁኑኑ ተነስና የራስህን ቁልፍ እይ፣ አብዛኞቹ ውስጥ አለ።

በሩ ተከፈተ እንጂ ሞተሩ አልነሳም፣ ቺፑ ሞቷል። በመጎተቻ መኪና ወደ መኪና ሻጩ ድርጅት ሄድን። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ የዓሣ ሽታዬን ይዤ ገባሁ። ዴስኩ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ይቅርታ፣ ደንበኞች ስላሉ ውጭ ጠብቅ» አለኝ። እኔስ ምንድን ነኝ? ያንን መኪና እዚያው ነው የገዛሁት። ውጭ፣ ከጎማ ክምር አጠገብ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ አስቆመኝ። ከዚያ ለአዲስ ቁልፍና ለፕሮግራሙ 420 ዶላር። ደረሰኙን ሲሰጠኝ እጁን ሰብስቦ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ በትህትና፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቀ። ብር ግን አልቀነሰም።

ዌደሩንም ልመልስ ሄጄ ነበር። ያው ሻጭ ነው። «ጨው ውሃ የነካ ዕቃ አንመልስም።» ካያክ ለውቅያኖስ ብዬህ አልነበር? ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። አሁን ደምረው፦ ዌደር 190፣ ቁልፍ ሠሪ 140፣ ቁልፍ 420፣ መጎተቻ፣ ዘንግና ሪል 240፣ ስልክ። ያገለገለ ድራይ ሱት በ450 ነው የገዛሁት በኋላ። አንገቱና የእጅ አንጓው ላይ ያለው ላስቲክ ያልተሰነጠቀ መሆኑን አይተህ ግዛ። ከሥሩ ሱፍ ወይም ፍሊስ ልበስ፣ ጥጥ አታድርግ። ዚፑን ዘግተህ ቁጢጥ በልና አንገቱን ከፈት አድርገህ አየሩን አስወጣ፣ አለበለዚያ ፊኛ ትሆናለህ። ከዚያ ሳታጠምድ አንድ ቀን ወደቡ ውስጥ፣ ጓደኛ አጠገብህ ቆሞ፣ አውቀህ ውደቅ። አምስት ጊዜ ውደቅና ተመለስ። ሰው ያይሃል፣ ይስቅብሃል፣ ይሳቅ። እኔ ሳደርገው ሁለት ልጆች በቪዲዮ ቀርጸውኛል።

ሬዲዮው ደረትህ ላይ፣ የድረሱልኝ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16። መቅዘፊያው በገመድ። ቁልፉ ውሃ በማያስገባ ከረጢት፣ ከረጢቱ ሌላ ከረጢት ውስጥ። ከመውጣትህ በፊት ባሕር ላይ የሚንሳፈፈውን መለኪያ፣ የቦይ (buoy) 46012ን መረጃ ኦንላይን እይ፣ የሃፍ ሙን ቤይ ነው፣ የስዌሉን ከፍታና በሁለት ማዕበል መካከል ያለውን ሴኮንድ ይነግርሃል። ከፍታው ትንሽ ሆኖ ሴኮንዱ ረጅም ከሆነ አትዘናጋ፣ ጥልቀቱ ድንገት የሚያንስበት ቋጥኝ ላይ ሲደርስ ይነሳል። ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፣ እኔ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ወደብ ውስጥ ነኝ።

4. ዓሣው። ሮክፊሽ እሾኹ ትንሽ መርዝ አለው፣ ከወጋህ ያቃጥላል፣ በፒንሳ ያዝ። ከጥልቅ ስታወጣው ዓይኑ ይፈጣል፣ ሆዱ በአፉ ይወጣል። የምትለቀው ከሆነ እንዲሁ አትወርውረው፣ ተንሳፍፎ የወፍ ቀለብ ይሆናል። በክብደት ወደ ታች መልሶ የሚያደርስ መሣሪያ አለ፣ ካያክህ ላይ ይኑር። አንዳንዶቹ ከሰው ዕድሜ በላይ የሚኖሩ ናቸው፣ የሎአይ መቶ ዓመት ያልፋል። እቤትህ እስክትደርስ አትቁረጠው፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ዝርያውን ማየት ይፈልጋል። (ተቆጣጣሪዎቹ እንኳን ጨዋ ናቸው፣ ሁለቴ ፈትሸውኝ ሁለቴም አመስግነውኝ ነው የሄዱት። የመኪናው ድርጅት ከነሱ ይማር።)

ኤፕሪል 1 ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው፣ ይህንንም አስብበት። እኔ የመጀመሪያውን ዓሣ ይዤ ፎቶ ለእናቴ ስልክላት ስለ መውደቄ ምንም አላወቀችም፣ ያለችው «በሁዳዴ ዓሣ?» ብቻ ነው። «አልበላሁትም፣ ፍሪዘር ነው ያስገባሁት» አልኳት። አላመነችኝም። የተረፉት አራቱ ሮክፊሾች ለፋሲካ ዱለት ሆኑ፣ እንደ ሐዋሳ፣ በቃሪያና በሚጥሚጣ። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ስለሆነ አይፈርስም፣ እንዲያውም ከቆሮሶ ይሻላል ብል የአገሬ ልጆች እንዳይሰሙኝ። ሁለቱን ለፊሊፒኖው አባት ልሰጠው ብዬ ነበር። እምቢ አለኝ፣ እሱ ለራሱ 10ሩን ሞልቶ ነበር።

ቀለሙን ረስቼው። ነጭ። ውሃው ከደፈረሰ ቡናማ። ብዙ አትጨነቅበት፣ የስኩዊድ ቁራጭ ጫፉ ላይ ካለ ቀለሙን አያዩትም።