ያንኑ ዘፈን ሰላሳ ጊዜ? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ አሜሪካው ባንድ ግሬትፉል ዴድ የመድረክ ቅጂዎች ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ ይጎርፍልኛል። ጉዳዩን ስለምወደው ቦታው እስከፈቀደልኝ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወዳጄ «ዳርክ ስታር» የሚባለውን ዘፈን በሰላሳ የተለያየ ምሽት ተቀድቶ ይሰማዋል። አይሰለችም?

ትዝታን ስንት ሰው ሲዘፍነው ሰምተዋል? ቅኝቱ ያው ነው፤ ግን አንዱን ስለሰማሁ ሌላው ይቅርብኝ የሚል የለም። እዚህ ልዩነቱ፣ ያው ሰዎች ራሳቸው በየምሽቱ ሌላ ሆነው መገኘታቸው ነው። በ1968 በስቱዲዮ ቀድተው ያወጡት ዳርክ ስታር ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «ላይቭ ዴድ» በተባለው የ1969 አልበም ላይ ያለው ግን 23 ደቂቃ ነው። ዜማው ሲጀምር ይታወቃል፤ ከዚያ የጄሪ ጋርሲያ ጊታር ለብቻው መንገድ ይጀምራል። የፊል ሌሽ ቤዝ ከሥር ሆኖ ምት መጠበቁን ትቶ ይከራከረዋል፣ ይመልስለታል። አንዳንዴ ሁሉም ይጠፋሉ። ወዴት እንደሚሄዱ እንዳላወቁ ያስታውቃል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፦ ሲፈልጉ ቆይተው፣ ማንም ምልክት ሳይሰጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ተመልሰው ሲገቡ። ስቱዲዮ ቢሆን ፍለጋውን ቆርጦ ይጥለው ነበር።

ከየት ልጀምር?

ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ባርተን አዳራሽ፣ ሜይ 8 ቀን 1977። ብዙ ሰው ይህንኑ ነው የሚልዎት፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። በዚያ ምሽት ውጭ በረዶ ይጥል ነበር። «ስካርሌት ቤጎኒያስ» ሳይቋረጥ ወደ «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ሲሻገር፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ጣትዎን ማስቀመጥ ይቸግርዎታል።

የቀዳችው ቤቲ ካንቶር ጃክሰን ናት፤ የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ነበረች። እያንዳንዱ መሣሪያ ጠርቶ፣ ግን ተነጣጥሎ ሳይሆን ተያይዞ የሚሰማው በእሷ ጆሮ ነው። ስሟ ከጊታሪስቱ እኩል ሊነሳ ይገባል ባይ ነኝ። የቀዳቻቸው ብዙ ክሮች በኋላ ዕቃ ማስቀመጫ መጋዘን ውስጥ ነበሩ፤ ኪራዩ ሳይከፈል ቀርቶ በ1986 በሐራጅ ተሸጡ። ከገዢዎቹ እጅ እየተቀዱ በአድናቂዎች መካከል ተሰራጩ። የኮርኔሉን ምሽት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2011 ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ በይፋ አልበም ሆኖ የወጣው ግን በ2017 ነው፣ ልክ በ40 ዓመቱ።

እኛ አገር ካሴት እያስቀዱ መስማት ዘፋኙን ያከስር ነበር። እነዚህ እንዴት ፈቀዱ?

ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የእኛ ዘፋኞች እንጀራ ካሴቱ ነበር። የእነዚህ ግን መድረኩ ነው። ከ1965 እስከ 1995 ከ2,000 በላይ ኮንሰርት ተጫውተዋል፤ የሚዘፍኑት በየምሽቱ ስለሚለያይ፣ ትናንት የተቀዳውን የሰማ ሰው ዛሬ ትኬት ከመግዛት አይቀርም። እንዲያውም ይብስበታል። በ1984 ለሚቀዱ ሰዎች የተለየ መቀመጫ መደቡላቸው፤ ማይክሮፎናቸውን በረጅም ዘንግ ሰቅለው በነፃነት ይቀዱ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፦ መለዋወጥ ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። ጀማሪ ባዶ ካሴትና የመመለሻ ቴምብር በፖስታ ይልካል፤ የማያውቀው ሰው ቀድቶ ይመልስለታል። በማያውቁት ሰው ልፋት ሙዚቃው ቤትዎ ድረስ ሲመጣ ያንን ካሴት እንዴት አድርገው እንደሚይዙት ያስቡት።

ሕዝብ መሃል የተቀዳው ጫጫታ አይበዛበትም?

ይበዛበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከመድረኩ የድምፅ መቆጣጠሪያ በቀጥታ የተቀዳውን ይምረጡ። ከለመዱት በኋላ ግን ወደ ሌላው ይምጡ፤ የአዳራሹ ስፋት፣ ጋርሲያ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሺዎች ዝም ማለት የሚሰማው እዚያ ነው።

የት በነፃ ይገኛል?

ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ፣ በሺዎች የሚቆጠር።

አፍሪካ መጥተው ያውቃሉ?

አዎን፤ በሴፕቴምበር 1978 ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር፣ ሦስት ምሽት። በሦስተኛው ምሽት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። አንደኛው ከበሮ መቺ እጁ ተሰብሮ በአንድ እጁ ነበር የሚጫወተው፤ ባንዱም በአጨዋወቱ ስላልረካ ቅጂው አልበም ሆኖ የወጣው በ2008 ነው። እኔ ግን ከነጉድለቱ እወደዋለሁ፤ በተለይ ኑብያዊው ሙዚቀኛ ሐምዛ ኤል ዲን ያለበትን። በእኛው ዓባይ ዳር ያደገ ሰው ነው። ጭብጨባና የኑብያ ዜማ ብቻውን ረዘም ላለ ጊዜ ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክ የለበትም። ከዚያ የጋርሲያ ጊታር ቀስ ብሎ፣ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቤቶች እንደሚለው፣ ይገባል። ጭብጨባው አይቆምም።